የማይናወጥ ማረፊያ፦ ከጉልቻ እስከ ሌቭል

ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ድንጋዮቹ እኩል ባይሆኑም አይንገዳገድም፤ ቢበዛ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል እንጂ ሦስቱንም ድንጋዮች ይነካል። አራት እግር ያለው ወንበር ግን ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ምክንያቱን በጂኦሜትሪ ትምህርት ሁላችንም አግኝተነዋል፤ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ የማይገኙ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠለል ብቻ ይወስናሉ። አራተኛው ነጥብ በዚያው ጠለል ላይ እንዲውል የሚያስገድደው ነገር የለም።

በዋግ ኽምራ ዞን በጋዝጊብላ ወረዳ ተራራ ላይ ሌቭል ተክሎ የቦይ መስመር የሚቀይስ ባለሙያ ይህንኑ የጉልቻ ሕግ ይዞ ይወጣል። ቦዩ በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ብቻ እንዲወርድ ቢታሰብ፣ በ60 ሜትር ውስጥ የሚፈቀደው ዝቅታ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። በንባቡ ላይ የ2 ወይም የ3 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ከገባ ውኃው በአንዱ ቦታ ይተኛል፤ በሌላው ይፈጥንና አፈሩን ይቆርጣል። እርከንም እንደዚሁ ነው። ከደረጃው ዝቅ ብሎ በተሠራው ነጥብ ላይ ጎርፉ ይሰበሰብና ጥሶ ይወጣል፤ በበጋ ብዙ ሰው የደከመበት ሥራ በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማነጣጠሪያ ያለው መሣሪያ በምን ላይ ቢያርፍ እንደሚሻል እንመለከታለን።

በመጀመሪያ እጃችንን እንመርምር። አንባቢ አነስተኛ የሌዘር መብራት ቢያገኝ፣ ከ10 ሜትር ርቀት ላይ ግድግዳ ላይ ያብራና ነጥቡን አንድ ቦታ ለማቆም ይሞክር። (በሰው ዓይን ላይ ፈጽሞ አይብራ።) ነጥቡ አይቆምም። የጤነኛ ሰው ጡንቻ በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል በስሱ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ላይ የልብ ምትና ትንፋሽ ይጨመራሉ። ነጥቡ ግድግዳው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ቢዋዥቅ፣ የማዕዘኑ ስሕተት 1 ሚሊራዲያን ነው፤ ይኸው ማዕዘን በ100 ሜትር ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን መብራቱ አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ይቀመጥ። ነጥቡ ወዲያውኑ ይረጋል።

ይህ ከሆነ ማረፊያ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆንስ? አይሆንም። ልዩነቱን በጉልህ የሚያሳየን ከቅየሳ የራቀ መሣሪያ ነው፤ ክሩ ከተወጠረ በኋላ በምላጭ የሚለቀቀውና እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ያለው ቀስት። ይህን ቀስት ለማስተካከል የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የራሱን መንቀጥቀጥ ከመሣሪያው ስሕተት መለየት አለበት። በእጁ ይዞ ቢወረውር ፍላጻዎቹ ይበታተናሉ፤ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ይሁን የክንዱ አይታወቅም። በጽኑ ማረፊያ ላይ አድርጎ ጥቂት ፍላጻዎችን ቢለቅ ግን ሁሉም በአንድ አካባቢ ይሰበሰባሉ፤ የዚያ ስብስብ መሐል ከዒላማው የራቀበት መጠን በማነጣጠሪያው የሚታረመው ስሕተት ነው። በስታትስቲክስ ቋንቋ፣ ማረፊያው የዘፈቀደውን ስሕተት ይቀንሳል፤ የቀረው ወጥ ስሕተት ይገለጣል።

እዚህ ላይ ግን ቋጥኝ ጥሩ ማረፊያ አይደለም። ፍላጻው ከቆመበት ተነሥቶ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ በሴኮንድ 100 ሜትር ፍጥነት ቢያገኝ፣ አማካይ ፍጥነቱን በሴኮንድ 50 ሜትር ብንወስድ፣ ክሩን እስኪለቅ 6 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ቀስቱ ራሱ ይደነግጣል፤ ከደረቅ ድንጋይ ጋር ከተነካካ ነጥሮ ፍላጻውን ያስታል። የአሸዋ ከረጢት ግን የሰደፉን ቅርጽ ይቀበላል፤ የቅንጣቶቹ ሰበቃም ንቅናቄውን ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። አንዱ ከረጢት ከፊት፣ ሌላው ከሰደፉ ሥር ይደረጋል፤ ቦታቸውም ከውርወራ ውርወራ አይለዋወጥም። ሲለቀቅ የሚፈናጠረው ደጋን ግን ምንም ነገር መንካት የለበትም። እንግዲህ የሚደነግጥ መሣሪያ ለስላሳ ማረፊያ፣ ዝም ብሎ የሚያይ መሣሪያ ደግሞ ደረቅ ማረፊያ ይሻል ማለት ነው።

ሌቭል ከሁለተኛው ወገን ነው። የሚገርመው፣ ወጥ ስሕተትን ለይቶ የማውጣቱ ዘዴ ግን ከቀስቱ ጋር አንድ ነው። ለምሳሌ በ60 ሜትር ርቀት ሁለት ችካል እንትከል፤ ሌቭሉንም ልክ በመካከላቸው እናቁም። በስታፉ ላይ በመጀመሪያው ችካል 1.420፣ በሁለተኛው 1.150 ሜትር ብናነብ፣ የከፍታ ልዩነቱ 0.270 ሜትር ነው። የመነጽሩ መስመር ቢያዘነብል እንኳ ርቀቶቹ እኩል ስለሆኑ ስሕተቱ ይጣፋል። ቀጥሎ ሌቭሉን ወደ መጀመሪያው ችካል ጥግ እንውሰድ። እዚያ 1.500 ብናነብ፣ በሁለተኛው ላይ 1.230 ልናገኝ ይገባ ነበር። ያነበብነው 1.242 ከሆነ 12 ሚሊ ሜትር በ60 ሜትር ተሳስተናል፤ ይህም ወደ 41 የቅስት ሴኮንድ ነው። ለቦያችን ከተፈቀደው ዝቅታ አንድ አምስተኛው በዚህ ብቻ ጠፋ ማለት ነው! ይህ ፈተና ከመስክ ሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ሆኖም በስንፍና ሲዘለል ይታያል። ሌቭሉ የቆመበት ባለ ሦስት እግር በሁለቱ ንባቦች መካከል ጥቂት ቢሰምጥ ግን ፈተናው ራሱ ሐሰት ይናገራል።

በተዳፋት ላይ ሁለቱ እግሮች ወደ ቁልቁለቱ፣ አንዱ ወደ ዳገቱ ይደረጋሉ። የመሣሪያው የክብደት ማዕከል እግሮቹ በሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ መዋል አለበት፤ አንዱን እግር ብቻ ወደ ቁልቁለት የሰደደ ሰው መሣሪያው በጎን ሲወድቅ ቢያይ አይደነቅ። የእግሮቹ ጫፍ በእግሩ አቅጣጫ በርግጫ ወደ አፈሩ ይገባል። በገላጣ ድንጋይ ላይ ጫፉ በስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ስንጥቅ ካልተገኘ ሦስቱን እግሮች በገመድ ማያያዝ መንሸራተትን ይከላከላል። እግሮቹን ያለ ልክ ማስረዘምም አይመከርም። በአንድ ጫፉ የተያዘ ዘንግ በእኩል ኃይል ሲገፋ የሚጎብጠው በርዝመቱ ኩብ መጠን ስለሆነ፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ነፋስ ሲበረታ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ከመሣሪያው ሥር ማንጠልጠል ይጠቅማል፤ ከረጢቱ ራሱ እንዳይወዛወዝ ግን መሬት ቢነካ ይሻላል።

እንጨት ወይስ አልሙኒየም? አልሙኒየም ቀላል ነው፤ አቀበት ለሚወጣ ትከሻ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ፀሐይ አንዱን እግር ብቻ ከሌሎቹ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አብልጣ ብታሞቀው፣ 1.5 ሜትር የሆነ የአልሙኒየም እግር ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህም መሣሪያውን በአንድ የቅስት ደቂቃ ገደማ ሊያዘነብለው ይችላል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ የሚለጠጠው የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ንዝረትንም ቶሎ ያበርዳል። ለጥንቃቄ ሥራ እኛ እንጨቱን እንመርጣለን፤ ጃንጥላም ይጨመርበት። በዘመናዊው አውቶማቲክ ሌቭል ውስጥ ያለው ፔንዱለም ጥቂት ማዘንበልን በራሱ ያርማል፤ መስመጥንና የነፋስ ንዝረትን ግን አያርምም።

በተራሮቻችን ላይ ካነጣጠሩት ሁሉ አንትዋን ዳባዲን ማንሣት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን የተወለደው ይህ ሊቅ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ኢትዮጵያን በቴዎዶላይት ቀይሷል፤ ውጤቱንም ከ1860 እስከ 1873 አሳትሟል። ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ በአንዳይ ከባሕር ዳርቻ አጠገብ መሬት ራሱ የማይነቃነቅ ማረፊያ መሆኑን ለመመርመር ተነሣ። ውስጡ ክፍት የሆነ የኮንክሪት ግንብ አሠርቶ፣ ከግንቡ ሥር ባስቀመጠው ሜርኩሪ ላይ የሚንጸባረቀውን ምስል ለዓመታት ተመለከተ። ሜርኩሪው ፈጽሞ ዝም ያለባቸው ጊዜያት ጥቂት ነበሩ።

ለቀያሹ ግን ከመሬቱ ይልቅ አየሩ ያስቸግረዋል። በበጋ ፀሐይ ከፍ ስትል ድንጋዩ ይግላል፤ ከላዩ ያለው አየር ሲናጥ ብርሃኑ እየጎበጠ የስታፉ ቁጥሮች ይርገበገባሉ። ይህን የትኛውም እግር አያቆመውም። መፍትሔው ርቀቱን ማሳጠር፣ የእይታ መስመሩን ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ካልሆነም መሣሪያውን አጥፎ እስከ ነገ ማለዳ መጠበቅ ነው።