የባሕር ጠረፍም ገቢና ወጪ አለው

የነጋዴ መዝገብ ገቢና ወጪ እንዳለው ሁሉ፥ የባሕር ጠረፍም የራሱ የአሸዋ ሒሳብ አለው። የጠረፍን መለዋወጥ የሚመረምሩ ሊቃውንት ወንዝ የሚያመጣውን አሸዋና ደለል በገቢ፥ ሞገድና የባሕር ጅረት ጠርጎ የሚወስደውን በወጪ ይቈጥሩታል።

ለዚህ ግልጽ ምስክር የሚሆነው በግብፅ የሚገኘው የዓባይ ዴልታ ነው። ዓባይና ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚያወርዱት አፈር ያንን ምድር ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያሰፋው ኖሯል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲፈጸም፥ ደለሉ ከሞላ ጎደል በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ገቢው ቢቋረጥም ወጪው አልቆመም፤ ሞገዱ አሸዋውን ወደ ምሥራቅ መግፋቱን ቀጠለ። በረሺድ የወንዝ አፍ ቀድሞ የጀመረው መሸርሸር በረታ፤ ጠረፉም በአንዳንድ ስፍራ በዓመት ከ100 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሸ። በ1991 የተፈጸመው ግንብ ፊት ለፊቱን ቢጠብቅም፥ ባሕሩ ከግንቡ ጫፍ ወዲያ ያለውን መሬት መብላት ያዘ። በ1986 በተከፈተው በዱምያት ወደብ ደግሞ፥ ተጓዡ አሸዋ በመርከቦች መግቢያ ቦይ ውስጥ እየተከማቸ በየጊዜው መጠረግን ግድ አድርጓል።

ለነጋዴ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቦይ መጥረጊያ ገንዘብ የወደብ ወጪ ይሆናል፤ የወደብ ወጪም ዞሮ ዞሮ በዕቃ ዋጋ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ወደብ ከመሠራቱ አስቀድሞ የአሸዋውን ሒሳብ ማስመርመር፥ ንግድ ቤትን ከመግዛት በፊት መዝገቡን እንደ መመልከት ያለ ጥንቃቄ ነው።