በሐሩር ወራት የትኛውን ሸክላ እንስማ?

ለብርድ ጋቢ እንደሚመረጥ ሁሉ ለሙቀትም ሙዚቃ ይመረጣል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በድሬዳዋ ወይም በአዋሽ ሸለቆ ግንቦትና ሰኔን ያሳለፈ ሰው ይህን ሳይመሰክር አይቀርም። አየሩ ሲታፈን፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል፣ ከጎረቤት የሚደለቅ ሙዚቃ ድካምን ያባብሳል እንጂ አያስታግስም። ሌሊቱን በዘብ ቆሞ ያደረ ወታደር ቀን ይተኛል፤ ከገበያ የተመለሰችውም እናት ጥቂት ማረፍ ትሻለች። ስለዚህ የሸክላው ምርጫ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እኛ እንደምናምነው፣ በሐሩር ሰዓት የሚሻለው በድምጾች መካከል ዝምታ ያለው ሙዚቃ ነው። ለቀትር የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እንመርጣለን። እኒህ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉ ሲሆን፣ ሥራዎቻቸው በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ እትም በ21ኛው ቅጽ ወጥተዋል። ከበሮ የለ፣ ጥሩምባ የለ፤ ፒያኖው ለብቻው ይናገራል፤ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በኒውዮርክ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ማስከተል ይቻላል። ቫይብራፎን የተባለው መሣሪያ የብረት ዘንጎች አሉት፤ ከዘንጎቹ ሥር ደግሞ ቱቦዎች ተደርድረዋል። በሞተር የሚሽከረከሩ ትናንሽ ክቦች የቱቦዎቹን አፍ ሲከፍቱና ሲዘጉ ድምጹ እንደ ኩሬ ውኃ ይርገበገባል። ይህ መርገብገብ ለደከመ ጆሮ እንደ ነፋሻ አየር ነው።

ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ሰው ደጃፉ ላይ ሲሰበሰብ ግን ዝምታው ይበቃል። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሸክላ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል በሚጫወትበት በዚያ የሰዓት እላፊ ዘመን፣ የምሽት ጨዋታ የወደደ ሰው እስኪነጋ እዚያው ማደር ነበረበት። እንግዲህ ለረጅም ሌሊት የተለማመደ ሙዚቃ ነው። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ም በዚሁ ሰዓት እንጂ በቀትር አይከፈትም፤ የጥሩምባዎቹ ኃይልና የድምጹ ስፋት ቀዝቃዛ አየር ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር አንዘንጋ። ሸክላ የሚሠራበት ፕላስቲክ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በመስኮት ሥር ወይም በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ይጎብጣል፤ ከጎበጠም መርፌው ይዘላል እንጂ እንደ ቀድሞው አይዘፍንም። አግድም ተነባብሮም መቀመጥ የለበትም፤ ከፀሐይ ርቆ፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም። ካሴትም ቢሆን ጥላ ይወዳል። «ቼ በለው» በ2014 እንደገና እስኪታተም ድረስ የመጀመሪያው እትም በእጅጉ ብርቅ ነበር። በየቤቱ ቁም ሣጥን የቀረው ሸክላ ምናልባት ምትክ የሌለው ሊሆን ስለሚችል፣ ባለቤቱ ሊጠነቀቅለት ይገባል።

በስልክ የሚሰማውም ቢሆን ከዚህ ምክር አይወጣም። ሸክላ ባይኖረው ጎረቤት አለው፤ ከግድግዳው ማዶ ዘብ አድሮ የተኛ ሰው መኖሩን አስቦ ድምጹን ዝቅ ያድርግ።