«ተው» ከማለት በፊት፦ የሱስ ምክክር ዳሰሳ

መጠጥ ያሸነፈውን ሰው በአገራችን መጀመሪያ የሚመክሩት እናቱ፣ ሚስቱ፣ የንስሐ አባቱ ወይም የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ይለምኑታል፣ ይቆጡታል፣ ያስምሉታል። የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ምክራቸው ግን ተጠቅልሎ ሲታይ «ተው» የሚል ነው። ሰውየው ደግሞ መተው እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል። የሱስ አማካሪ የሚቀበለው እንዲህ ያለውን፣ የሚያውቀውን ማድረግ ያቃተውን ሰው ነው።

ሙያው ራሱ ከቁጣ ለመራቅ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። በአሜሪካ ብዙ ማገገሚያዎች ሱሰኛውን አፋጥጦ ጥፋቱን ማሳመንን እንደ ሕክምና ይቆጥሩት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አቀረበ፤ በ1991 ደግሞ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር በመጽሐፍ አስፋፋው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሱስ የያዘው ሰው ልቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ መተው ይፈልጋል፣ ግማሹ አይፈልግም። አማካሪው ስለ መተው ሲሟገት ሰውየው ሳይወድ ለመጠጡ ጠበቃ ይሆናል። ሚለርና ባልደረቦቹ በ1993 ባወጡት ጥናት አማካሪው ባፋጠጠ መጠን ተገልጋዩ ከዓመት በኋላ አብዝቶ ሲጠጣ ተገኝቷል። ለእኔ ከዘርፉ ግኝቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ለዓመታት ፍሬ የማያፈራበትን ምክንያት ያሳያልና።

በተግባር ሲታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ አባት «ደመወዝ በደረሰ ቁጥር ለልጆቹ የማስበው ሳይሞላ ይቀራል» ቢሉ፣ አማካሪው «ታዲያ ለምን አይተዉትም?» አይልም። «የልጆቹ ነገር እንቅልፍ ይነሳዎታል» ብሎ የሰማውን ይመልስላቸዋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የለውጥ ምክንያት ነው፣ ያውም ከራሳቸው አፍ የወጣ። ይህን ዝምታ መታገሥ ለጀማሪ አማካሪ ከባዱ ፈተና ነው። ምስጢር ካልተጠበቀ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሰፈር አንድ ያመለጠ ወሬ ተገልጋዩን ለዘለቄታው ያሸሻል። አማካሪው ምስጢር የማይጠብቀው በሰውየው ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲያንዣብብ ነው፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን ይናገራል።

ጄምስ ፕሮቻስካና ካርሎ ዲክለሜንቴ በ1983 ሲጋራ የሚተዉ ሰዎችን አጥንተው ለውጥ ደረጃ በደረጃ እንደሚመጣ ጽፈዋል፦ ገና ካለማሰብ ወደ ማሰብ፣ ወደ መተግበር፣ ከዚያም ጸንቶ ወደ መቆየት። አማካሪዎች ዛሬም ይገለገሉበታል። ሰው ግን በተርታ አይራመድም፤ ጠዋት የቆረጠው ማታ ያመነታል።

የችግሩን ክብደት ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ከ40 ነጥብ ይታሰባል፤ 8 እና ከዚያ በላይ የሚያሳስብ አጠጣጥን ያመለክታል። እኛ ጋ ችግር የሚሆነው ልኩ ነው። የጠላው፣ የጠጁና የአረቄው ብርታት ከቤት ቤት ስለሚለያይ «ስንት ብርጭቆ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አያዋጣም። «በዐቢይ ጾምስ ይጠጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። 55ቱን ቀን ታቅቦ ለፋሲካ የሚወድቅ ሰው አቅም እንዳለው አሳይቷል፤ በጾሙ ወቅት ምን እንደረዳው ራሱ ቢናገር ምክክሩ መነሻ ያገኛል።

ስለ መጠጥ ብቻ መጠየቅም ያሳስታል። ከቀትር በኋላ የቃመ ሰው በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃዋል፤ ምርቃናው ማታ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ያን ለመስበር ቢራ ሊጠጣ፣ ማለትም ጨብሲ፣ ይወጣል። ጠዋት በድካም ይነሳል፣ ቀትር ላይ ሐራራው ይጠራዋል። ቢራውን ተው ቢሉት ጫቱ ማታ መልሶ ይወስደዋል። ጥሩ አማካሪ የውሎውን ሰንሰለት ከተገልጋዩ ጋር ዘርዝሮ የትኛው ቀለበት ለመበጠስ እንደሚቀል አብሮ ያያል።

አላን ማርላትና ጁዲት ጎርደን በ1985 ስለ ማገርሸት ያሳተሙት ሥራ ለእኛም ቅርብ ነው። በእነሱ ትንታኔ አንድ ቀን መንሸራተትና ሱሱ ሙሉ በሙሉ ማገርሸቱ አንድ አይደሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው «አበቃልኝ» የሚል ጸጸት ነው። ምሎ የተወ ሰው አንዲት መለኪያ ሲቀምስ መሐላው ስለፈረሰ ሙሉውን ጠርሙስ ይጨርሳል። ስለዚህ አማካሪው ገና ሳይንሸራተት «ቢከሰት በዚያው ሰዓት ለማን ትደውላለህ?» ብሎ ያዘጋጀዋል። ሐራራም ቢሆን ካላቀረቡለት ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ይህንን ማወቅ ብቻውን ብዙ ሰው ያድናል።

ምክክር ብቻውን አይቆምም። ናልትሬክሶንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የመጠጥ ፍላጎትን ይቀንሳሉ። በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ የተጀመረው ስም የማይጠራበት የጠጪዎች ማኅበር ዛሬ በመላው ዓለም የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ያገገመ ሰው ገና የሚታገለውን ይደግፋል። በ1997 ውጤቱ የታወቀ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በዚህ ማኅበር መንገድ ላይ የተመሠረተ ምክክርን ከሌሎች ሁለት የምክክር ዓይነቶች ጋር አነጻጽሮ ሦስቱም ተቀራራቢ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ከዘዴው ይልቅ አማካሪው ሰውየውን የሚያዳምጥበት መንገድ ሚዛን ይደፋል ብዬ የማምነው ለዚህም ነው።

ከሁሉ አስቸኳዩ ግን አካል ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይጨንቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነቱ እየተንዘፈዘፈ ራሱን ሊስት ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ይህን አይቶ «መንፈስ ነው» ብሎ ማሰር ሕይወት ያስከፍላል። ሐኪም ዲያዜፓምን በመሰሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 ያሻግረዋል።

በአገራችን የሱስ ሕክምና በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና በጥቂት ሌሎች ተቋማት ይሰጣል። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ነው፤ የሠለጠነ አማካሪ በየጤና ጣቢያው ሊኖር ይገባል።

በየቀኑ የሚጠጣ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በአንድ ሌሊት እንዲያቆም አታስገድዱት፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጠበል ለመውሰድ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የታዘዘለትን መድኃኒት እዚያም ሆኖ እንዳያቋርጥ አደራ።