ከማሽላ ማሳ እስከ አንድ ኢንዛይም፦ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የምርምር ጉዞ

በከሚሴ ዙሪያ ባለው ቆላማ ምድር ማሽላ ለሚዘራ ገበሬ አቀንጭራ እንግዳ አይደለም። ይህ ጥገኛ አረም ሐምራዊ አበባውን ከማሳየቱ በፊት ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር መጥምጦ ጉዳቱን አድርሷል። አንዱ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበቅል ይቆያል። ታዲያ ሥር መቅረቡን በምን ያውቃል?

ምልክቱ ስትሪጎላክቶን የተባሉ ውሁዶች ናቸው። ማሽላ ፎስፌት ባነሰው አፈር ላይ እነዚህን ውሁዶች በብዛት በሥሩ ያመነጫል፤ ፎስፌት የሚያቀብሉትን ፈንገሶችም ይጠራባቸዋል። አቀንጭራ ይህንኑ ጥሪ ተከትሎ ይበቅላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፣ በሱዳን ከሠሩ በኋላ በ1984 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር በመሆን መላውን በሽታ በአንድ ጊዜ ከማጥናት ይልቅ የጥገኝነቱን እርምጃዎች ለያይተው መረመሩ። በ1992 የታተመው ዘዴያቸው የማሽላ ችግኝን ከአቀንጭራ ዘር ጋር በአጋር ላይ በማብቀል አነስተኛ ምልክት የሚያመነጩ ዝርያዎችን ለመለየት አስቻለ። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎቢዬና አብሽር የተባሉ ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ የደረሱት ከዚህ የማዳቀል ሥራ ነው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የመቋቋሙ ምክንያት ግን በሞለኪውል ደረጃ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ2017 ቡድናቸው ኤልጂኤስ1 የተባለውን ዘረመል ለየ። ዘረመሉ የሚያዘው ኢንዛይም፣ ካይኔዞች በፕሮቲን ላይ ፎስፌት እንደሚያክሉ ሁሉ፣ በአነስተኛ ሞለኪውል ላይ ሰልፌት ያክላል። ዘረመሉ ሲጠፋ ዋናው ምልክት ከ5-ዲኦክሲስትሪጎል ወደ ኦሮባንኮል ይለወጣል፤ አብዛኛው የአቀንጭራ ዘርም አይበቅልም።

ኢንዛይሙ በየትኛው ውሁድ ላይ እንደሚሠራ ለማወቅ ሲንተቲክ ባዮሎጂ አገዘ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች በ2021 የስትሪጎላክቶንን የምርት መስመር ለባክቴሪያና ለእርሾ አከፋፍለው አስገቡ። ኤልጂኤስ1ን ሲጨምሩበት፣ ሰልፌት የሚያክለው በ18-ሃይድሮክሲካርላክቶኖይክ አሲድ ላይ መሆኑን አሳዩ።

ይሁን እንጂ አንድ ዘረመል ብቻውን ዘላቂ መከላከያ አይሆንም። የዘረመሉ መጥፋት በማሽላው ላይ መጠነኛ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል በ2020 የወጣ የጂኖም ጥናት አመልክቷል። ፕሮፌሰር ገቢሳም የሚቋቋም ዘርን ከማዳበሪያና ከእርጥበት ዕቀባ ጋር አጣምረው ያቀረቡት ለዚህ ነው፤ ሥሩን ለጥሪ የሚያነሳሳው የአፈሩ ድህነት ነውና።