«ቻል አድርጊው» የምትባል ሚስት

ከግሸን አምባ ሥር ባሉት የአምባሰል መንደሮችም ሆነ በሐይቅ ዙሪያ፣ ባል ሚስቱን ሲመታ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን፣ ሙስሊሙ ሼሁን ይጠራል። ሽምግልና ደም ያደረቀ፣ የወሎን ሰው አብሮ ያኖረ ሥርዓት ነው። ሚስት ስትደበደብ ግን ጭንቀቱ ሁሉ ትዳሩ እንዳይፈርስ ይሆናል። ባል ይገሠጻል፤ እሷም «ለልጆችሽ ስትይ ቻል አድርጊው» ተብላ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

በ2008 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቆ ነበር። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸውና ትዳር ከሚያውቁ ሴቶች ከመቶ 24ቱ ባላቸው እንደመታቸው ተናገሩ። የስሜትና የወሲብ ጥቃት ሲጨመር ቁጥሩ 34 ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም ይፋ ባደረገው የ10 አገሮች ጥናት ደግሞ በቡታጅራ አካባቢ በባል ወይም በፍቅር ጓደኛ የተመቱት ከመቶ 49 ያህል ነበሩ።

ምክንያቱ ሲጠየቅ አረቄ፣ ቅናትና ድህነት ይጠቀሳሉ። ያባብሳሉ፤ አልክድም። ነገር ግን የሰከረው ሰው የቀበሌውን ሊቀመንበር አይመታም፤ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ነው የሚመታው። ማንን መምታት እንደሚፈቀድለት በስካሩ ውስጥም ያውቃል። ፈቃዱን የሰጠው «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» እያለ ያሳደገው አካባቢው ነው። የ2008ቱ አገር አቀፍ ጥናት ሚስት ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ልጆችን ችላ ብትል ወይም ከባሏ ጋር አልተኛም ብትል መመታቷ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «አዎ» ያሉት ወንዶች ከመቶ 28 ሲሆኑ ሴቶቹ 63 ናቸው። ይህ ያስደነግጣል፤ ግን ይገባኛል። እናቷ ስትመታ እያየች ያደገች፣ መሄጃም የሌላት ሴት ዱላውን ጥፋቷ አድርጋ ካልተቀበለችው በምን ትኖራለች? ደግሞ እምነቱ ይለወጣል፤ በ1992 ዓ.ም በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት «አዎ» ያሉት ሴቶች ከመቶ 85 ነበሩ።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ አመለካከት የራቀ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ደንግጎ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም ባልና ሚስትን እኩል አደረጉ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በስሙ ጠርቶ ያስቀጣል። ክፍተቱ ግን አለ፤ ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስከስስ በመሆኑ፣ ሽማግሌ ለምኖ ሚስትን አቤቱታዋን ካስነሳት ነገሩ እዚያው ይቀራል።

መሄጃ የሚሰጣት አንዱ ነገር መሬት ነው። ከ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በክልሉ የሚሰጠው የይዞታ ደብተር የሚስትንም ስም ይይዛል። ስሟ የሰፈረበትን ደብተር የያዘች ሴት «ብፈታው ምን እበላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አላት።

ሽማግሌዎቹም ይህን ሁሉ ሊያግዙ ይችላሉ። ከእርቁ በፊት የተመታችውን ጤና ጣቢያ ቢያደርሷት፣ ቁስሉ ሳይሽር የሕክምና ማስረጃ ይያዝላታል። ከዚያ በኋላ መታረቅም መክሰስም የራሷ ውሳኔ ይሆናል።