የውጭ የእንጨት ቦይለርና የቤት ማሞቂያ፦ ከማገናኘትዎ በፊት

በአገራችን ክረምት ሲባል የሚታሰበን ዝናብና ጭቃ ነው። በሜይን፣ በቬርሞንት፣ በሰሜን ኒውዮርክ ወይም በሚኒሶታ ለሚኖር ወገን ግን ክረምት ማለት በረዶና ከበረዶው ጋር የሚመጣ የማሞቂያ ቢል ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ዛፍ ያለበት መሬት ላይ ቤት የገዛ ሰው፣ በጎረቤቱ ግቢ ጭስ ማውጫ ያላት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ያይና “ይህች ደግሞ ምንድን ናት?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የውጭ የእንጨት ቦይለር ነው። ጎረቤቱም ለማሞቂያ ዘይት የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ መሆኑን ሲነግረው ልቡ ይነሳሳል።

ልብ ቢነሳሳ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዕቃውን መግዛቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቤት ውስጥ ካለው ማሞቂያ ጋር ማገናኘቱ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

የውጩ ቦይለር እንጨት የሚነድበት ትልቅ ሳጥን ሲሆን፣ ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። የሞቀው ውሃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ወደ ቤት ይገባል፤ ሙቀቱን ያስረክብና በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ይህን ምልልስ የሚያካሂደው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው።

ቤትዎ የሚሞቀው በግድግዳ ሥር በተዘረጋ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ወይም በራዲያተር ከሆነ፣ የውጩን ውሃ በቀጥታ ከቤቱ ውሃ ጋር እንዳያቀላቅሉ። አብዛኛው የውጭ ቦይለር ለአየር ክፍት ስለሆነ ግፊት የለውም። የቤቱ ግን ዝግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ ግፊት ይዞ ይሠራል። ሁለቱ ቢቀላቀሉ የቤቱ ግፊት ወደ ውጩ ይገፋና ውሃው ከላይ ሞልቶ ይፈሳል፤ በውጩ ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም የቤቱን ብረት ያዝገዋል።

መፍትሔው በመካከላቸው የሙቀት መለዋወጫ ማስገባት ነው። ይህ በስስ የብረት ዝርግ ሳህኖች የተደራረበ ዕቃ ነው። ሁለቱ ውሃዎች ከሳህኖቹ ግራና ቀኝ በተቃራኒ አቅጣጫ ያልፋሉ፤ ሙቀት ይሰጣጣሉ እንጂ አይነካኩም። ዕቃው የቤቱ ውሃ ወደ ዘይት ቦይለሩ በሚመለስበት ቧንቧ ላይ ከተገጠመ፣ ውሃው ሞቆ ስለሚገባ የዘይቱ እሳት መነሳት አያስፈልገውም። የውጩ 180 ፋራናይት (82 ሴንቲግሬድ)፣ የዘይቱ ደግሞ ለምሳሌ 150 ላይ ከተስተካከለ፣ እንጨቱ ሲያልቅ ዘይቱ በራሱ ይረከባል። ስለዚህ የድሮውን ማሞቂያ ነቅላችሁ አትጣሉት፤ የደህንነት ቫልቮቹንም ማንም እንዳይነካቸው።

ቤቱ በትኩስ አየር የሚሞቅ ከሆነም ይቻላል። ከፈርኔሱ በላይ ባለው የአየር ሳጥን ውስጥ እንደ መኪና ራዲያተር ያለ ዕቃ ይገባና የፈርኔሱ ማራገቢያ አየሩን በላዩ ያሳልፈዋል። መጠኑ ካልተለካ ግን የአየሩን መንገድ ያፍናል።

ከመሬት በታች የሚቀልጥ ገንዘብ

ብዙ ሰው የሚሰስተው በቱቦው ላይ ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ውሃ በማያስገባ ሽፋንና በጠጣር ፎም የተጠቀለለው ቱቦ ውድ ነው። ርካሹ ሽፋን ግን እርጥበት ሲገባው ሙቀቱን ለአፈሩ ይሰጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በረዶ ሲጥል በቦዩ መስመር ላይ ብቻ ከቀለጠ፣ የሚሞቀው ቤትዎ ሳይሆን መሬቱ ነው።

ወደ ቦይለሩ የሚመለሰውም ውሃ ከ140 ፋራናይት (60 ሴንቲግሬድ) በታች እንዳይወርድ ያስፈልጋል። ከቀዘቀዘ ጭሱ በውስጡ ግድግዳ ላይ ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ቅጥራን የመሰለ ጥቀርሻ ይጋገራል፤ ብረቱም ይበላል። ይህን የሚከላከል የሙቀት ቫልቭ አለ። ውሃው ውስጥም ዝገት የሚከላከል መድኃኒት መጨመር አይዘንጋ።

ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። የመታጠቢያው ውሃ በዚሁ ዘዴ የሚሞቅ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅል ቫልቭ የግድ ይገጠም። 140 ፋራናይት የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይገፋል። ከቧንቧው የሚወርደው ከ120 መብለጥ የለበትም።

ሒሳቡና ጎረቤቱ

አንድ ኮርድ እንጨት ሲባል 4 በ4 በ8 ጫማ የተደረደረ ክምር ነው። ደህና የደረቀ ጠንካራ እንጨት ከሆነ ወደ 24 ሚሊዮን ቢቲዩ ሙቀት ይይዛል። ቦይለሩ ግማሹን ብቻ ለቤቱ ቢያደርስ፣ 83 በመቶ ከሚጠቀም የዘይት ቦይለር ጋር ሲነጻጸር የ104 ጋሎን ያህል ዘይት ሥራ ይሠራል። እንጨቱን ከራስዎ መሬት ካገኙት ትርፍ ነው። የሚገዙት ከሆነ ግን የኮርዱን ዋጋ ከ104 ጋሎን ዋጋ ጋር አስተያይተው ይወስኑ። ያለበለዚያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሳል፤ የሚተርፈው ለጎረቤት የሚሄድ ጭስ ነው። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ከላይ ብቻ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ አንድ በጋ ይክረም። ቆሻሻና ቀለም የተቀባ ጣውላ ፈጽሞ አይነድበትም።

በጭሱ ምክንያት ሕጉም ጠብቋል። ቬርሞንት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ደንብ ቦይለሩ ከጎረቤት ቤት 200 ጫማ እንዲርቅ አዛለች። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ2015 ደንብ አውጥቶ፣ ከግንቦት 2020 ወዲህ መስፈርቱን ያላሟላ አዲስ ቦይለር እንዳይሸጥ አድርጓል። ስለዚህ “በርካሽ ያገለገለ አለ” የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቁ። ለኢንሹራንሱም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሳያውቁት የተገጠመ ዕቃ እሳት ቢያስነሳ፣ ካሣ የመከልከል ሰበብ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም፣ ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ፓምፑን አጥፍተው እንዳይሄዱ። ፓምፑ ከሠራ የቤቱ የዘይት ቦይለር በሙቀት መለዋወጫው በኩል የውጩንም ውሃ ከመቀዝቀዝ ያድነዋል። ከጠፋ ግን ውሃው በረዶ ሆኖ ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል። መብራት ቢጠፋ የሚያይልዎ ጎረቤትም ያዘጋጁ፤ እንግዲህ በጭስ ያላስቀየሙት ጎረቤት የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።