የወሩ መርፌና የረመዳን ፆም

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከአዳማ አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ነው። «ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የልብ ሕመም ስላለባት በየወሩ መርፌ ትወጋለች። አምና በረመዳን ፆሟ እንዳይፈርስ ብለን መርፌውን አሳለፍነው። ዘንድሮስ እንዴት እናድርግ?» ይላሉ።

መልሱን ለመስጠት መርፌው ለምን እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሪዩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ሲሆን የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያቆስላል። በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያዎችና የልብ በሮች (ቫልቮች) ያጠቃል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዘዋወር ሕመም ይመጣል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር የልብ በሮች ይጠባሉ፣ ወይም አልገጥም ይላሉ። እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ቶንሲል ማስቧጠጥ ይህን አያስቆምም፤ እንዲያውም ሌላ ቁስል ይጨምራል።

በሽታው ተደብቆ ይቆያል። እ.ኤ.አ በ2015 በወጣ ጥናት ጅማ ውስጥ ምንም ያላመማቸው 2000 ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ሲታዩ 61ዱ የበሽታው ምልክት ተገኝቶባቸዋል።

መርፌው ይጠቅማል ወይ? በኡጋንዳ በሽታው ገና በጅምሩ የተገኘባቸው 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጉ፤ ሌሎቹ አልተወጉም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተወጉት 400 ያህል ልጆች በ33ቱ ላይ በሽታው ሲብስ፣ ከተወጉት 400 ያህል ግን የባሰባቸው 3 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ በ2021 ነው።

መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ነው። ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ወር ማሳለፍ ማለት ልጅቷን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

ወደ ፆሙ እንመለስ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ ምግብነት የሌለው በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ፆምን እንደማያፈርስ ወስኗል። የፔኒሲሊኑ መርፌ ከዚሁ ይመደባል። ልብዎ ካልረጋ ከኢፍጧር በኋላ ያስወጓት እንጂ ቀኑን አያሳልፉ። ትንፋሽ የሚያጥራት፣ እግሯ የሚያብጥ ወይም በቀን ደጋግማ የምትውጠው መድኃኒት ካለ ግን ፆሙን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ያማክሩ። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው በሌላ ቀን የመክፈል ፈቃድ ሰጥቷል።

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያላችሁ ወላጆች፣ የመድረሳ ኡስታዞችም! ባክቴሪያው ልጆች ተጨናንቀው በሚቀመጡበትና በሚተኙበት ቦታ ቶሎ ይተላለፋል። ጉሮሮውን አሞት የሚያተኩሰውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ያድናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘውናል፤ ሰበቡን ማድረስ የእኛ፣ ሺፋው የአላህ ነው።

ለታመሙት ሁሉ አላህ ዓፊያ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።